የሙላቴ ወረቀት

ቢሆነኝ ተኛ ተብሎ ነው የተጋደመው። ነገ ጠዋት ውድድር ያለበት ሰው ዛሬ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት መተኛት አለበት ብላ ነርሷ ኬርስቲን በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች፤ እሱ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይጥስም፤ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በመተማ፣ በሱዳን አድርጎ ስዊድን ከገባ ወዲህ አርባ ዓመት የኖረው የተጻፈለትን እየፈጸመ ነው፣ ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይተህ ጣል ሲሉት እየለየ፣ ቁጥር ይዘህ ጠብቅ ሲሉት ቁጥር ይዞ እየጠበቀ። እንቅልፍ ግን በወረቀት አይታዘዝም። መጋረጃው ስስ ነው፣ የሰኔ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አልወርድ ብላለች። በቀኝ በኩል ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ ሐኪሞች የሰፉበት ቦታ ላይ መዳፉን ጭኗል፣ ሌባ የሚፈራ ሰው ኪሱን ይዞ እንደሚተኛ። እዚያ ውስጥ ያለው ኩላሊት የሱ አይደለም። የማን እንደሆነ አልነገሩትም፤ የሞተ ሰው ነው፣ ወጣት ነው፣ ይኸው ነው። በርጩማው ላይ ስልኩ በፊቱ ተደፍቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ አላነሣውም። ቢያነሣው ወረቀቱን ያያል፤ የወንድሙ የሙላቴ ልጅ ሕሊና፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጤና የምትማረዋ፣ ፎቶ አንሥታ የላከችለትን ወረቀት፣ ከሥሩም የጻፈችውን፦ «ጋሼ፣ ይሄን ከአባዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገኘሁት። ቀኑን ይዩት፣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ሐኪሞቹ ምን ነበር ያሉዎት?»

ምን ነበር ያሉኝ። ተነሥቶ ቦርሳውን ይፈትሻል፣ ለአራተኛ ጊዜ ነው፤ የመዋኛ መነጽር አለ፣ ኮፍያው አለ፣ ጎማ የመሰለው ጥቁር ልብስ አለ፣ መድኃኒቱ በትንሿ ሳጥን የጠዋቱ ለብቻ የማታው ለብቻ ተከፍሎ አለ። ትራያትሎን ይሉታል፤ መጀመሪያ መዋኘት፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ፣ ሦስቱን ሳያርፉ። ለነሱ ለአካል ተቀባዮቹ አሳጥረውላቸዋል፣ አራት መቶ ሜትር ውሃ፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ሩጫ። «የተሰጠህን በከንቱ እንዳልወሰድክ በሰውነትህ ታሳያለህ» ብላ ነው ኬርስቲን ስሙን የጻፈችው። ለማን ነው የማሳየው ብሎ አልጠየቃትም። መጀመሪያ ገንዳ ሲገባ ስልሳ ዓመቱ ነበር፤ ከመግባቱ በፊት ራቁቱን እንዲታጠብ በሥዕል ጭምር ተጽፏል፣ ብብትና ጭን በቀይ ተከበው፣ እሱም ጠባሳውን በፎጣ ከልሎ ሲታጠብ አንድ የአምስት ዓመት የፈረንጅ ልጅ ሆዱን እያየ ሳቀ። ቀስ ብለው ለሚዋኙ በተለየው መሥመር አሮጊቶች አልፈውት ይሄዱ ነበር፣ እያወሩ፣ ፀጉራቸው ሳይርስ። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተገናኙት ያገሩ ሰዎች ደግሞ አልማሩትም። «አያ ቢሆነኝ፣ ባሕር ኃይል ገቡ አሉ!» አለው አንዱ። «ወደብ ልናስመልስ ነዋ!» አለ ሌላው። ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። የሚዋኘው ለምን እንደሆነ ቢያውቁ ይስቁ ነበር? ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሲገባ ስልክ አይሰማም። ለዚህ ነው። አፍህን ዘግተህ እስከያዝክ ድረስ አንድም ሰው አንድም ነገር አይጠይቅህም።

አሁን ደግሞ መጋቢት ነው፣ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ፣ ኩላሊቶቹ ደርቀው በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ይታሰራል፣ አራት አራት ሰዓት፣ ደሙ በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ ሲመለስ ዓይኑን ጨፍኖ። የሚጠብቀው ሰው እንዲሞት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ክረምት ሲሆንና መንገዱ በረዶ ሲጋግር በቴሌቪዥን የመኪና አደጋ ዜና ይጠብቅ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ተገለበጠ ሲባል ልቡ በደስታ ይመታ ነበር፣ ቀጥሎም ያማትባል፣ ካማተበም በኋላ ስልኩ መሥራቱን ያያል። ሙላቴ ያኔ ነው የደወለው። «ወንድምዓለም፣ ሁለት አለኝ አይደል? አንዱን ውሰድ። ወፍጮ ቤት በሁለት ኩላሊት አይሠራ!» በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሃያ ዓመት ወፍጮ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ዘወትር ዱቄት ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ ስልክም ሲይዝ ይጮኻል። ባሕር ዳር ወርዶ ክሊኒክ ገባ፣ ደም ሰጠ፣ ሽንት ሰጠ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከለት፣ ዋናውንም አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተ። ቢሆነኝ ፎቶውን ይዞ ኬርስቲን ዘንድ ሄደ። መነጽሯን አወረደች፣ አነበበች፣ እንደገና አነበበች። «ወንድምህ ለጋሽ አይሆንም» አለች። «እሱ ራሱ በሽተኛ ነው። ኩላሊቶቹ እየተጎዱ ነው፤ ደም ግፊቱም ከፍ ያለ ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ማየት አለበት፣ አሁን ከጀመረ በመድኃኒት ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አድራሻውን ስጠኝ፣ እኔ ልጻፍለት።» ብዕሯን አነሣች። ያችን ብዕር እስከ ዛሬ ያያታል፣ ሰማያዊ ነበረች፣ ክዳኗ የተነከሰ። «አይ፣ እንግሊዝኛ አይችልም» አላት። «እኔ በቋንቋችን እነግረዋለሁ።»

ለመንገር አስቦ ነበር። ይህን ፈጣሪ ያውቃል። ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል? በነሱ አገር ክፉ ነገር ለሰው የሚነገረው ፊት ለፊት ነው፣ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ተቀምጦ፣ አፍ አሟሽቶ፣ ከእህሉ ቀምሶ፣ ሰውየው አጠገብ የሚደግፈው ሰው ተደርጎ። በስልክ «ኩላሊትህ እየሞተ ነው» ብሎ መዝጋት የጠላት ሥራ ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ወልደጊዮርጊስ ደወለ፣ በእርጋታ ይንገሩልኝ ብሎ። «ምንድን ነው ሕመሙ?» አሉት። «ትንሽ የደም ግፊት ነገር ናት፣ አባ፣ ኩላሊትም ትነካካለች አሉ» አለ። ትንሽ፣ አለ። ትነካካለች፣ አለ። ለምን እንዲህ አልክ፣ አንተ ቢሆነኝ? «አሁን ጾም ነው፣ ሰውየውም ሲያክፍል ነው የሚሰነብት፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል» አሉ ቄሱ። ከፋሲካ በኋላ የእህታቸው የበለጠች ልጅ ሰርግ ሆነ፣ በሰርግ ደግሞ አይነገርም። ከሰርጉ በኋላ ክረምት ገባ። በነሐሴ ቄስ ወልደጊዮርጊስ ዐረፉ፣ የያዙት ነገር አብሯቸው ተቀበረ፣ ቢሆነኝም ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም፣ የሸክም መቅለል ነበር፤ አደራውን ሰጥቻለሁ፣ ተቀባዩ ሞተ፣ ምን ላድርግ። ይኸ ለሰው ቢነገር ያስኬዳል። የማያስኬደው ሌላው ነው። ከኬርስቲን ቢሮ በወጣ በሦስተኛው ቀን ለሙላቴ ደውሎ «ወረቀቱ አልጠራም፣ በሌላ ክሊኒክ ድገመው» ብሎታል። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል ብሎ ነው። ምናልባት ሁለተኛው ወረቀት ይሻል ይሆናል፣ ምናልባት አንዱ ኩላሊት ደህና ይሆናል፣ አንዱ ብቻ፣ እሱ የሚፈልገው አንድ ብቻ ነው። ሙላቴም «እሺ!» ብሎ ሥራውን ዘግቶ ወርዶ ክንዱን ዘርግቶ ደሙን ሰጠ። ሁለተኛው ወረቀት ከፊተኛው የባሰ ነበር። ያን ግን ኬርስቲን ዘንድ አልወሰደውም፤ ከስልኩ አጠፋው፣ «አልተስማማም ብለዋል፣ የደም ዓይነት ነው፣ አትዘን» አለ። ሙላቴ በስልኩ ውስጥ አለቀሰ፣ ይቅርታ አድርግልኝ ብሎ፣ ደሜ እምቢ አለ ብሎ። ይቅርታ አደረገለት። አዎ፣ «ምንም አይደል፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎታል።

የእናታቸው እግር ያመመ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዘዋት ሄደው ነበር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ቢሆነኝ ዐሥራ አራት ሙላቴ ስድስት። ውሃው ይጨሳል። ሙላቴ ጣቱን ነክሮ በድንጋጤ አወጣና «ይፈጃል» ይላል። «አይፈጅም፣ ግባ» ይለዋል ቢሆነኝ፣ ለመሳቅ ብሎ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሕፃኑ ጣቱን ያያል፣ የወንድሙን ፊት ያያል፣ እንደገና ጣቱን ያያል፣ ከዚያም ዘሎ ይገባል። እግሮቹ እስከ ጉልበታቸው ተላጡ። እናታቸው ማነው ግባ ያለህ ስትለው «ማንም» አለ። ማንም። ግድግዳው ላይ ያለችው ፀሐይ አንድ ስንዝር አልሄደችም። ቄሱ ካረፉ በኋላ ከመጣው ታኅሣሥ ጀምሮ፣ የማይታወቀው ሰው ኩላሊት ከተሰፋለት ጀምሮ፣ ለመናገር በየወሩ ምክንያት ነበረው፣ ላለመናገርም በየወሩ ምክንያት ነበረው፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥር «ለምን እስከ ዛሬ?» የሚለው ጥያቄ ወፈረ፣ በመጨረሻ ከራሱ ከሕመሙ በለጠ። ባለፈው ጥቅምት ሙላቴ ወፍጮው አጠገብ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ባሕር ዳር እጥበት አለው፣ በሚኒባስ፣ በሐሙሲት በኩል፣ መንገዱ ሲከፈት። ከሰሞኑ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት እጥበት አልፎታል። ፊቱ አብጧል ብላ ሚስቱ ፈንታነሽ ነግራዋለች። ቢሆነኝ ዛሬ ይነግረዋል። ወይም ነገ፣ ከውድድሩ በኋላ፣ ልቡ ሲረጋ። ሙላቴ ሳይሞት በፊት መናገር አለበት፤ ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ሳይናገር ከሞተበት ይህን ኩላሊት ይዞ ቀሪውን ዕድሜ ይኖራል፣ ኬርስቲን እንደምትለው ደግሞ ኩላሊቱ በጣም ጎበዝ ነው፣ ሃያ ዓመት ይሄዳል።

ስልኩ በበርጩማው ላይ መንዘር ጀመረ። በፊቱ እንደተደፋ፣ ወደ ጠርዙ እየተንፏቀቀ። ሊወድቅ ሲል ያዘው።

«ወንድምዓለም!» ሙላቴ ነው። ይጮኻል፣ ግን ጩኸቱ ስስ ሆኗል። «ተኝተህ ነበር?»

«ጋደም ብዬ ነው።»

«ነገ አይደል ባሕር የምትገባው?»

«ሐይቅ ነው።»

«ምን ሐይቅ ይላል፣ ከሰጠሙበት ያው ነው! ፈንታነሽ ስለት ገብታልሃለች፣ አዞ እንዳይበላህ።»

«እዚህ አዞ የለም፣ ሙላቴ።»

«እሱን ገብተህ ታየዋለህ» አለና ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ፦ «ይቺ ልጅ ወረቀት አግኝታ ቤቱን አመሰችው። ስታለቅስ አደረች። ለጋሼም ልኬላቸዋለሁ አለችኝ።»

«ሙላቴ፣ ስማኝ...»

«ቆይ፣ እኔ ልጨርስ። ትንፋሽ የለኝም፣ በቁጥቁጥ ነው የምትመጣልኝ። ያን ለት፣ ደም የሰጠሁ ለት፣ አምላኩ ነግሮኝ ነበር።»

«የቱ አምላኩ?»

«የሐሙሲቱ ልጅ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ደም የሚመረምረው። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ‹ጋሼ ሙላቴ፣ ይሄ ኩላሊት ለሰው አይሰጥም፣ ቶሎ ሐኪም ካላዩ ለራስዎም አይቆይዎ› አለኝ። ባማርኛ ነው የነገረኝ። ያኔ ጆሮዬም ደህና ነበር።»

ቢሆነኝ ተነሥቶ ቆመ።

«ታዲያ ለምን አልታከምክም?»

«አንተ ዘንድ ላኩታ!» ሙላቴ ተገረመ። «የፈረንጅ ሐኪም ይየው፣ እውነት ከሆነ ወንድምዓለም ይነግረኛል አልኩ። ከዚያ ደወልክ። ወረቀቱ አልጠራም፣ ድገመው አልከኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አምላኩን በቅዳሜ ገበያ መሐል ሰደብኩት። ‹አንተ ሟርተኛ፣ ወንድሜ ድገም ብሎኛል፤ ለሞተ ኩላሊት ድገም ይባላል?› አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ።» ትንፋሹን ፈለገ። «አሁን ይቺ ልጅ ጋሼ ያውቁ ነበር ትለኛለች። አያውቅም፣ ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር አልኳት። እስቲ አንተ ንገራት። ይኸው አጠገቤ ናት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች።»

ከወንድሙ ትንፋሽ ሌላ፣ ከኋላ የአንዲት ልጅ የታፈነ ትንፋሽ ይሰማል። አላውቅም ነበር በላት። በላት፣ ይተኛ፣ ሰውየው አምኖህ ይተኛ። አይፈጅም በለው።

«ነግረውኝ ነበር» አለ ቢሆነኝ።

«መቼ?»

«ወረቀቱን ያሳየኋቸው ለት ነው።»

«ድገም ከማለትህ በፊት?»

«በፊት።»

ደብረ ታቦር ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማዋል። ወንድሙ ይሰድበዋል ብሎ ጠበቀ፣ ያለቅስ ይሆናል ብሎ ጠበቀ።

«እንግዲያ አምላኩን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ» አለ በመጨረሻ፣ ሳይጮኽ። «ልጁን በሰው ፊት አዋርጄው።»

«ሙላቴ፣ እኔ...»

«ተው፣ ተው። ቄስ ወልደጊዮርጊስን ልከህብኝ ነበር?»

«ልኬ ነበር።»

«አንድ ቀን መጥተው ቁጭ አሉና ‹ጨው ቀንስ› ብለውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ የጾሙ መስሎኝ።» ሊስቅ ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ። «በል ነገ ግባ። ዋኝ፣ ሩጥም። ስትጨርስ ደውልና የት የት ቦታ እንዳመመህ ንገረኝ። አንድ በአንድ። እሱን እንኳ አትደብቀኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ማለትስ ታውቃለህ» አለና ዘጋው።

እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሁለት መቶ ሰው ቆሟል፣ ሁሉም ጥቁር ጎማ ለብሶ፣ ሁሉም ቢጫ ኮፍያ አጥልቆ፣ ማን ታማሚ ማን ጤነኛ እንደሆነ አይታወቅም። ኬርስቲን ጀርባው ላይ ያለውን ዚፕ ዘጋችለት። ውሃው ዐሥራ ስድስት ዲግሪ ነው ብለዋል፣ አይቀዘቅዝም ብለዋል። ይቀዘቅዛል። ፊሽካው ተነፋ፣ ቢሆነኝ ገባ፣ ክንድ ይመታዋል፣ ተረከዝ አገጩን ይለዋል፣ ጥቂት ውሃ ይጠጣል፣ ይተፋል፣ ይቀጥላል። አሁን ትከሻዬን ያመኛል፣ ብሎ ይጠብቃል፣ ትከሻዬን እላለሁ። ትከሻው ግን እንደ አዲስ በር ይዞራል። ብስክሌቱ ላይ ጉልበቱን ጠበቀ፣ ግራ ጉልበቱን፣ ሁልጊዜ የምታስቸግረውን፣ እሷም ዝም አለች፤ ነፋሱ ከኋላው ነው፣ ጎማው ይዘምራል፣ አንድ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳን ቀድሞ አለፈ፣ ከዚያ ሌላውን። ሲሮጥ ጎኑን ጠበቀ፣ ልቡን ጠበቀ፣ የተሰፋውን ቦታ ጠበቀ። በመንገዱ ዳር የቆሙ የማያውቃቸው ሰዎች ደረቱ ላይ ከተጻፈው አንብበው ስሙን አጣመው ይጠራሉ፣ ያጨበጭባሉ። ሰውነቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በረበረው፣ ለወንድሙ የሚወስደው አንድ ሕመም፣ አንድ ትንሽ ውጋት፤ ቢያንስ አንድ። አልነበረም። ከስልሳ ዓመት በላይ ከኖረበት ዕድሜ ሁሉ እንደዚያ ቀን ደህና ሆኖ አያውቅም። መጨረሻው መሥመር ላይ ኬርስቲን እያለቀሰች አቀፈችው፣ አንድ ሰው አንገቱ ላይ ሜዳልያ አጠለቀለት። ከዕድሜ እኩዮቹ ሦስተኛ ወጥቷል።

ላቡ ከላዩ ሳይደርቅ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ደወለ። ስልኩ ብዙ ጠራ። ያነሣችው ሕሊና ናት።

«እንኳን ደስ ያለዎ ጋሼ» አለች፣ ጨረስኩ ሳይላት።

«አባትሽን አቅርቢልኝ።»

«አባዬ ተኝቷል።»

ከኋላዋ ድምፅ አለ። እንጨት በድንጋይ ይመታል፣ ደግሞ ሌላ እንጨት፣ በሌላ በኩል። የድንኳን ካስማ ነው። ቢሆነኝ አርባ ዓመት ካገሩ ቢርቅም የካስማን ድምፅ አይስትም። የታጣፊ ወንበሮች ብረት ሲንኳኳ ሰማ፣ የብዙ ሰው እግር ጭቃ ሲረግጥ ሰማ፣ አንዲት ሴት ከሆዷ አንሥታ «ወንድሜን፣ ሙላቴን...» ስትል ሰማ፣ በለጠች ናት፣ እህታቸው፤ ወዲያው ደግሞ የወንድ ድምፅ፦ «እሽሽ! ዝም በሉ! ስልክ ላይ እኮ ነው፣ ታማሚ ነው!» ካስማውም መመታቱን አቆመ። ያ ሁሉ ግቢ ስለ እሱ ብሎ ዝም አለ።

«ደህና ነው?» አላት።

«ደህና ነው። እንቅልፍ ጥሎት ነው።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ይህን ከማን እንደተማረችው ያውቃል። «አንቱ ብቻ ራስዎን ይጠብቁ፣ ጋሼ። ሌላ ቀን ይደውሉ።»

ሕጉን ያውቀዋል። አንድ ቀን በማለዳ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኩ ይሆናል፣ ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ፣ ሐኪሙ በርትቷል ሲላቸው፤ እስከዚያ ድረስ ሙላቴ ተኝቷል፣ ሙላቴ እጥበት ሄዷል፣ ሙላቴ ወንዛዬ ወርዷል። ለምን ዋሸሽኝ ብሎ የሚጠይቅበት አፍ የለውም። ሜዳልያው ደረቱ ላይ ቀዝቅዟል። ኬርስቲን ከወዲያ እጇን እያወዛወዘች ለፎቶ ትጠራዋለች።

«ሲነቃ ንገሪው» አላት። «የትም አላመመኝም በይው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣው ካስማው እንደገና መመታት ጀመረ።